ሥራ አፍ የለውም፦ «ዝም ብለህ ሥራ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚህ ሲያትል አካባቢ ካሉት ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በአንዱ ሶፍትዌር መሐንዲስ ሆና ከተቀጠረች ገና ስምንት ወሯ ነው። ከጽሑፉ ሥር ያሰፈረችልኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ እንግዲያው ዝም ብዬ ልሥራ?»

ጽሑፉ በሙያው ብዙ ዓመት የቆዩ አንድ ሐበሻ መሐንዲስ ለጀማሪዎች የሰጡት ምክር ነው። ባጭሩ የሚሉት ይህንን ነው። በትልቅ ኩባንያ ውስጥ ጥሩ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሌላ ምንም አያስፈልገውም፣ ሥራው ራሱ ይናገርለታል። የቢሮ ፖለቲካ ውስጥ የሚገባው ሥራ ያቃተው ሰው ነው፣ ጠባዩ ነው። ቢሮክራሲውን ያመጡት ማኔጀሮች ናቸው፣ እነሱ ቢቀነሱ አብሮ ይጠፋል። እዚህ አገር እንደ ቀበሌያችን «ዘመድህ ማነው?» ተብሎ አይጠየቅም። በመጨረሻም ዝምታችን ከአስተዳደጋችን የመጣ ጨዋነት ነውና አጥብቀን እንያዘው ይላሉ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ልጆቹን ለመርዳት ብለው እንደጻፉ ግን ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፣ በዚህ አከብራቸዋለሁ። እኔም በዚሁ ሙያ 17 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስድስቱን ማኔጀር ሆኜ። ምክራቸው የሚጎዳው ደግሞ እንርዳችሁ ያሏቸውን እነዚህኑ ልጆች ነው ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ሥራህ ይናገርልሃል» ከሚለው ልጀምር። ይህን የሚል ሰው ግምገማው የሚካሄድበትን ክፍል ከውስጥ ያየው አይመስለኝም። በብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ካሊብሬሽን የሚባል ስብሰባ አለ። ማኔጀሮች ብቻ ናቸው የሚገቡት። ስክሪኑ ላይ ረጅም ሠንጠረዥ ይከፈታል፣ በግራ ስም፣ በቀኝ የታሰበለት ደረጃ። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ቀን 60 ስም ነበር፣ የተሰጠን ጊዜ ደግሞ ሦስት ሰዓት። ለአንድ ሰው የዓመት ልፋት ሦስት ደቂቃ ማለት ነው።

ወደ መሃል ላይ የአንድ ሐበሻ ልጅ ስም መጣ። የሚያውቀው ማኔጀሩ ከወር በፊት ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፣ አዲሱ ደግሞ ገና አልለመደውም። «ጸጥ ያለ ልጅ ነው፣ ሥራውን ይሠራል» አለ። ሰብሳቢዋ ከላፕቶፗ ቀና ብላ «ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

እኔ አውቀው ነበር። በዚያ ዓመት የኔ ቡድን ሌሊት ሌሊት በማንቂያ ደወል ሲነሳ ነው የከረመው፤ ከእነሱ ሲስተም የሚመጣ መልእክት አንዴ ሲደራረብ የኛ ወረፋ ሞልቶ ይቆም ነበር። ማንም ሳያዝዘው ሁለት ሳምንት ወስዶ፣ ችግሩን ከምንጩ አግኝቶ ያስተካከለው ይህ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት እንቅልፋችንን ተኛን። ይህን ለመናገር 20 ሰከንድ ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ለራሴ ቡድን ሁለት ሰዎች እድገት ልጠይቅ ተዘጋጅቼ ስለነበር፣ አዲስ ሰው ሆኜ ለሌላው ቡድን ልጅ አፌን ከከፈትኩ ለራሶቼ ስከራከር የሚሰማኝ አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ጠቋሚው ወደሚቀጥለው ስም ወረደ። ልጁ «የሚጠበቅበትን ያሟላል» ተብሎ ታለፈ።

ታዲያ ያን ጊዜ ኮዱ የት ነበር? ሰርቨሩ ላይ ሆኖ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር። ከገባነው ማኔጀሮች አንዳችን አልከፈትነውም። እንዲያውም ጥሩ ሥራ በባሕርይው ድምፅ የለውም፤ የጥሩ ጥገና ውጤት ያልደረሰ ብልሽት ነው፣ ያልደረሰን ነገር ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። እሳት ያጠፋው በስብሰባ ፊት ይጨበጨብለታል፣ እሳቱ እንዳይነሳ ገመዱን የቀየረው ስሙም አይነሳም። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ቤተ መንግሥት ደጅ ሲጠና ያዩትን ነው። ደጅ የሚጠናበት ቦታ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ራስን ማግነን ይልመድ እያልኩ አይደለም። የሠሩትን፣ ለምን እንደሠሩትና ማን እንደተጠቀመበት በወር አንዴ በግማሽ ገጽ ጽፎ ለማኔጀር መላክ ጉራ አይባልም። ያች ግማሽ ገጽ በዚያ ክፍል ውስጥ ብትኖር ኖሮ አዲሱ ማኔጀር «ጸጥ ያለ ልጅ ነው» ብሎ አያበቃም ነበር።

ፖለቲካ የደካማ ሰው ጠባይ ነው የሚለው ነጥባቸው ከሁሉም ይልቅ አሳስቦኛል። ሰውየውን ይከስና አሠራሩን በነፃ ያሰናብታል።

የማይክሮሶፍትን ታሪክ በሲያትል የምንኖር ሁላችንም ባይሆን ብዙዎቻችን በቅርብ እናውቀዋለን። ኩባንያው ለዓመታት ማኔጀሮች የቡድናቸውን አባላት በግድ ከላይ እስከ ታች እንዲደረድሩ ያዝ ነበር። ይህ አሠራር በይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2001 ጀነራል ኤሌክትሪክን በመሩት በጃክ ዌልች ነው፤ 20 በመቶው ምርጥ፣ 70 በመቶው መካከለኛ፣ የቀረው 10 በመቶ ተሰናባች። እ.ኤ.አ. በ2012 ቫኒቲ ፌር መጽሔት ስለ ማይክሮሶፍት ባወጣው ረጅም ዘገባ አንድ የቀድሞ መሐንዲስ እንዳስረዳው፣ 10 ሰው ባለበት ቡድን ሁሉም ጎበዝ ቢሆኑ እንኳ ሁለቱ ከፍተኛ፣ ሰባቱ መካከለኛ፣ አንዱ የግድ ዝቅተኛ ውጤት ያገኛል። ዘጋቢው ያነጋገራቸው ሠራተኞች በሙሉ ኩባንያውን ከምንም በላይ የጎዳው ይህ ነው ብለውታል።

እስቲ በዚያ ቡድን ውስጥ ያለውን ሰው እንሁን። ከኔ የሚበልጥ ሰው ወደ ቡድኔ ሲመጣ ደስ ይለኛል? የማውቀውን ዘዴ ለጎረቤቴ አሳየዋለሁ? ኢትዮጵያ ውስጥ የተማርን ሰዎች መልሱን ለማግኘት ሩቅ አንሄድም። ካርድ ላይ «ከ70 ተማሪ 3ኛ» ተብሎ የሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አድገናል። አጠገባችን የነበረችው ጎበዝ ልጅ ስትጽፍ ደብተሯን በክንዷ ትከልል ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ እረፍት ላይ ዳቦዋን ታካፍለናለች። ደብተሯን ያስከለላት ደረጃው ነው።

ማይክሮሶፍት ያንን አሠራር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሻረው። በዚያ ዘመን እርስ በርስ ሲጠባበቁ የነበሩት ሰዎች በከባድ ፈተና ተመርጠው የገቡ፣ ሥራ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ሥራ የማይችል ብቻ ነው ፖለቲካ የሚሠራው ከተባለ የእነሱን ምን ልንለው ነው? እኔ በ17 ዓመት ውስጥ ያየሁት እንዲህ ነው፦ ሽልማቱ ሲያንስ፣ መስፈርቱ ሲደበዝዝ፣ ውሳኔው በዝግ ቤት ሲሆን፣ ቅዱስ የመሰለው ሰው ሳይቀር ወገን ይፈልጋል። የእህቴ ልጅ ይህን ካወቀች ባልደረባዋን ከመጥላት ትድናለች፤ ማንን ምን እንደሚያስፈራው ማየት ትችላለች።

ስለ ቢሮክራሲ ከጻፉት ግማሹ እውነት ነው። አማዞን ራሱ በመስከረም 2024 አምኖታል፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው አንዲ ጃሲ ለሠራተኞቻቸው በጻፉት ደብዳቤ እርከኑ መብዛቱን ገልጸው፣ ከማኔጀሮች አንጻር የባለሙያው ቁጥር ቢያንስ በ15 በመቶ ከፍ እንዲል አዘዋል። «ከስብሰባ በፊት ለሚደረግ ስብሰባ የሚደረግ ስብሰባ» የሚባለውን እኔም ስገባበት የኖርኩት ነው። ማኔጀሩ ሲቀነስ ቢሮክራሲው ይጠፋል የሚለውን ግን አልቀበልም። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሰርቨሮች እርስ በርስ ለመተዋወቅ የሚጠቀሙበት ሰርተፊኬት አለ፣ እንደ መታወቂያ ነው፤ ጊዜው ካለፈ አገልግሎቱ ይቆማል። በሠራሁበት አንድ ቦታ የአንዱ ሰርተፊኬት ጊዜ ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ቲኬት (ይህ ሥራ ይሠራ የሚል መዝገብ) ተከፈተ። የአገልግሎቱ ባለቤት የነበረው ቡድን በሪኦርግ፣ ማለትም በመዋቅር ለውጥ፣ ለሦስት ተከፍሏል። ቲኬቱ የደረሰው የመጀመሪያው ቡድን «የኛ አይደለም» ብሎ ለሁለተኛው አሳለፈው። ሁለተኛው ለሦስተኛው። እንዲህ እያለ በሰባት ቡድን መካከል ለወራት ተመላለሰ። ማንም ከአንድ ቀን በላይ አላቆየውም፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ የሚታየው ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው የከረመ ቲኬት ነው፤ ለሌላ ያሳለፈ ቡድን በሪፖርቱ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በመጨረሻ አንዲት መሐንዲስ አዘነችና እኔ ልሥራው አለች። ለማደስ የሁለት ሰው ይሁንታ ያስፈልጋታል። አንዱ እረፍት ላይ ነው፣ ሌላው የማላውቀውን ነገር አላጸድቅም አለ። በ91ኛው ቀን ጠዋት አገልግሎቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ ለማደስ የፈጀው 11 ደቂቃ ነው።

ቲኬቱን ሰባት ቤት ያዞሩት ማኔጀሮች አልነበሩም። እንደኔና እንደ ጸሐፊው ያሉ መሐንዲሶች ናቸው፣ እያንዳንዱም በሚለካበት መለኪያ ትክክል ሠርቷል። «ነገ ና» የሚለው የቢሮ ጸሐፊም እኮ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ከጠረጴዛው ማራቅ ነው የሚፈልገው።

ይሁንታ ራሱ ጠላት አይደለም። በሐምሌ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት ባንድ ቀን ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አቆመ። አየር ማረፊያ የተጉላላ መንገደኛ፣ ቀጠሮው የተሰረዘበት ታካሚ ይመሰክራል። ያ አፕዴት መጀመሪያ ለጥቂት ኮምፒውተሮች፣ ከዚያ ለተጨማሪ፣ ቀስ በቀስ እንዲሄድ የሚያስገድድ ደንብ ቢኖረው ኖሮ ጉዳቱ በአጭር ይቀር ነበር፤ ኩባንያውም በኋላ ይህንኑ ደንብ አመጣ። ጀማሪው መሐንዲስ «ለምን ያዘገዩኛል?» የሚልበት ደንብ ብዙውን ጊዜ ከኋላው እንዲህ ያለ ቀን አለበት። ያለ ማኔጀር መኖርንም የሞከረው አለ። ጉግል በ2002 የምሕንድስና ማኔጀሮችን አንስቶ ነበር። የወጪ ማወራረጃውም፣ በሠራተኞች መካከል የተነሳው ጠብም በቀጥታ ከመሥራቾቹ አንዱ በሆነው በላሪ ፔጅ ጠረጴዛ ላይ መከመር ሲጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱበት።

እኔ አንድ መሥሪያ ቤት በቢሮክራሲ መታመሙን የማውቀው «ይህን የሚወስነው ማነው?» ብዬ ስጠይቅ የአንድ ሰው ስም የሚነግረኝ ሳጣ ነው። ሦስት ፊርማ ኖሮት ፈራሚዎቹ የሚታወቁበት ቤት ጤነኛ ነው። ፊርማ የሌለበት፣ ውሳኔውም ከሰማይ የሚወርድ የሚመስልበት ቤት የባሰ ነው፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው የሌለው ልጅ መግቢያው ይጠፋዋል።

የዘመዱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። የአጎት ልጅ አይጠየቅም፣ እውነት ነው። አንድ ምክትል ፕሬዚዳንት ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ሲዛወር ግን በዓመት ውስጥ አምስት ስድስት የቀድሞ ሰዎቹ ተከትለውት ይገባሉ። አብሮ የተማረ፣ አብሮ ሌሊት ያደረ፣ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት የሚሄዱ። ሰው የሚያምነውን ሰው መጥራቱ ተፈጥሮ ነው፣ አልፈርድበትም። ለኛ ልጅ ግን «እዚህ ትውውቅ ዋጋ የለውም» ብሎ መንገር ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ሕጉን ሳይነግሩ ሜዳ ማስገባት ነው። ምሳ ብቻዋን ጠረጴዛዋ ላይ እንዳትበላ የእህቴን ልጅ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነግሬያታለሁ።

የቀረው ዝምታ ነው። ጸሐፊው ጨዋነት ነው ይሉታል። ጨዋነት የሆነ ዝምታ አለ፣ ታላቅ ሲናገር አለማቋረጥ፣ ያልተረዱትን አለመዘባረቅ። ነገር ግን በስብሰባ ላይ የማየው የኛ ልጆች ዝምታ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ኤች ዋን ቢ በሚባለው የውጭ ባለሙያዎች የሥራ ቪዛ የሚሠራ ሰው ከሥራ ከወጣ ሌላ ቀጣሪ የሚፈልግበት ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ከኋላው ደግሞ በየወሩ የሚላክ ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ይህን ፍርሃት በምርቃት ስም ጨዋነት ብለን ብንጠራው ልጁ ፍርሃት መሆኑን ሳያውቀው ይኖራል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዝምታው የሚጎዳው ዝም ያለውን ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተከራከርኩ። ቦይንግ 737 የሚገጣጠመው ሬንተን ውስጥ ነው፣ እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ የጥቂት ደቂቃ መንገድ። እ.ኤ.አ. በ2013 በኩባንያው በተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ፣ ኤምካስ የተባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር አዲስ ነገር መሆኑ ከጎላ የፈቃዱ ሂደትና የአብራሪዎች ሥልጠና ጣጣ ሊበዛ ይችላል የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። በ2015 አንድ መሐንዲስ በኢሜይል ጠየቀ፦ ይህ ሲስተም በአንዲት ሴንሰር ብልሽት ሊያጋልጠን ይችላል ወይስ የሚያመሳክር ነገር አለ? ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ጥያቄ አልነበረም። 737 ማክስ የተባለው አዲሱ አውሮፕላን ግን ኤምካስ በአንዲት ሴንሰር ላይ ተመርኩዞ ወደ ገበያ ወጣ። በ2016 ኩባንያው በመንግሥት ስም ደኅንነትን እንዲመረምሩ የተወከሉ የራሱን ሠራተኞች በመጠይቅ ጠይቆ ነበር፤ ከመለሱት 39 በመቶዎቹ ተገቢ ያልሆነ ጫና መኖሩ እንደሚሰማቸው፣ 29 በመቶዎቹ ደግሞ ይህን ቢያመለክቱ የሚመጣባቸው እንደሚያሳስባቸው ተናገሩ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የላየን ኤር 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎችን ይዞ ወደቀ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019)፣ እሑድ ጠዋት፣ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው። በሁለቱም አደጋ ኤምካስን ያሳሳተው ከአንዲት ሴንሰር የመጣ የተሳሳተ መረጃ ነው። በሲያትል ያለን ሐበሾች ያንን እሑድ እንዴት እንዳሳለፍነው አንረሳውም።

ያ መሐንዲስ ዝም አላለም። ጠይቋል፣ በጽሑፍ ጠይቋል። ያጣው ጥያቄውን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያስገባለት ሁለተኛ ሰው ነው፤ «እኔም ይህ ያሳስበኛል፣ መልስ ሳናገኝ አንቀጥል» የሚል። በትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፖለቲካ የሚባለው ነገር ከግማሽ በላይ ይህ ነው፦ የማን ጥያቄ በማን ተይዞ እስከየት ይሄዳል። ልጆቻችንን ከዚህ ራቁ ማለት ሁለተኛው ሰው አትሁኑ ማለት ነው።

ለእህቴ ልጅ ረጅም መልስ አልጻፍኩላትም፣ ደወልኩላት። በሥራዋ ያሳሰባት ነገር እንዳለ ጠየቅኳት። አለ። የደንበኞች መረጃ በየሌሊቱ የሚገለበጥበት መጠባበቂያ አንድም ቀን ተመልሶ ተሞክሮ አያውቅም፤ ቢያስፈልግ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም። «ስብሰባ ላይ ለመናገር እንግሊዝኛዬ ይፈጥንብኛል፣ ይጠፋብኛል» አለችኝ። እንግዲያው ጻፊው አልኳት። አማዞን ከ2004 ጀምሮ በከፍተኛ አመራሩ ስብሰባ ፓወርፖይንት ከልክሎ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስድስት ገጽ ጽሑፍ በጸጥታ አንብቦ እንዲወያይ አድርጓል፤ ጽሑፍ በዚህ ሙያ የተከበረ በር ነው፣ ለጸጥተኛ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሰፋው። አንድ ገጽ ጻፈች፦ ምን እንዳገኘች፣ ምን ሊደርስ እንደሚችል፣ ለመሞከር ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ማን እንዲወስንላት እንደምትጠይቅ። ከመላኳ በፊት አጠገቧ ለሚቀመጠው ባልደረባዋ አሳየችው፣ እሱም ስሙን ከስሟ ሥር ጨመረ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ማክሰኞ ስብሰባ አለ፣ እዚያ አነሳዋለሁ ብላለች።

ያንን በሦስት ደቂቃ ያለፍነውን ልጅ ደግሞ ከዓመታት በኋላ አንድ ሠርግ ላይ አገኘሁት። ኩባንያውን ለቆ ሌላ ቦታ ገብቷል። ከዳስ ወጣ አድርጌ በዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን፣ እኔም አውቄ ዝም እንዳልኩ ነገርኩት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። ስለ ደረጃው አንድም ነገር አላነሳም። መሬት መሬት ሲያይ ቆየና «ያንን ሥራ ያየው ሰው መኖሩን እኮ አላውቅም ነበር» አለኝ።